የፊልሙ ዋስ

ስልኬ ሲጮህ ከመኪናዬ ሥር ተጋድሜ ዘይት እየቀየርኩ ነበር። «ጋሽ ሰይድ፣ አበሩ ነኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ሲልብኝ ወዲያው ገባኝ። «ጋሼ በላቸው አረፉ።» ኢናሊላሂ ብዬ፣ እጄን እንኳ በጨርቅ ሳልጠርግ፣ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ካለቀሰች በኋላ «መልእክት ትተውልዎታል» አለች። «ሰይድ ላልይበላ ይውጣና ለእናትሽ ለውዴ ይንገርልኝ፣ ከዋስነቴ ታውርደኝ ነው ያሉት። ደጋግመው ያሉት እሱን ብቻ ነው።»

እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ሌላው ሰው ሲሞት ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ ይናዘዛል፤ ጋሽ በላቸው የተናዘዘው ስለ ፊልም ነው። ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ! ፊልሙም የት ጉድጓድ እንደገባ የሚያውቅ የለም። እሱ ግን ዋስ እንደሆነ ኖሮ ዋስ እንደሆነ ሞተ። ነገሩን ለማያውቅ ከሥሩ ልንገር።

ያኔ ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሾፌር ነበርኩ። ስሙን ልተወው፤ ዛሬ ያሉበት ሌሎች ሰዎች ናቸው። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና አልመጣም። ፋብሪካው አዲስ ነው፤ ማሽኑ ከውጭ መጥቷል፣ ጥጡ በከባድ መኪና ይገባል፣ የጠፋው ሠራተኛ ነው። የደጋ ሰው ቆላን የሚያውቀው በወባ ስለሆነ፣ «ቆላ ወርደሽ ሥሪ» ማለት «ሄደሽ ሙቺ» ከማለት እኩል ነበር። አለቆቻችን መከሩ፣ መከሩና ፊልም አስነሱ። የፋብሪካውን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም። ይህን ፊልም በላንድሮቨር ጭናችሁ፣ ጄኔሬተር ይዛችሁ፣ ደጋውን እየዞራችሁ ለወጣቱ አሳዩ፣ የወደደውንም ይዛችሁ ውረዱ ተባልን። እኔ እነዳለሁ፣ ጋሽ በላቸው ያሳያል።

ጋሽ በላቸው የፍላቂት አካባቢ ተወላጅ ነው። ሲቀጠር ነፋስ የሚጥለው ቀጫጫ ነበር። በዚያ ላይ ያን የሱፍ ኮቱን ከላዩ አያወርድም፤ ደጋም ቆላም ያው ነው። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ እያየሁ «ጋሽ በላቸው፣ ኧረ አውልቀው!» ስለው «ሰይድ ወንድሜ፣ ወንድ ልጅ ቃሉንና ኮቱን አያወልቅም» ይለኛል። ከደረት ኪሱ ማበጠሪያ አትለይም። የሚበጠር ፀጉር ነበረው እንዳልል አላህ ይታዘበኛል፤ ግን ሰው ፊት ከመቆሙ በፊት ያችኑ ያለችውን ከግራ ወደ ቀኝ ያስተኛታል።

የፊልም ማሳያው ድምፅ ገና በመጀመሪያው ጉዟችን ደብረ ዘቢጥ ላይ ሞተ። ጋሽ በላቸው በእኔ አነዳድ አመካኘ። ፍላቂት ደርሰን ገበያው መሀል አቡጀዲውን ስንወጥር ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። «እነዚህ ሁሉ ዲዳ ናቸው እንዴ?» አለ አንዱ። ጋሽ በላቸው ፀጉሩን አበጠረ፣ ከአቡጀዲው ጎን ቆመና የሁሉንም አፍ ሆኖ መናገር ጀመረ። አንዴ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፣ አንዴ ክር የምትቀጥል ልጅ፣ አንዴ ማሽኑን ራሱን። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ማሳያውን እናሠራው ስለው «ምን አስቸኮለህ» ይለኝ ነበር። የቀረችውንም ሽቦ የበጠሳት እሱ ነው ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ፊልሙ ውስጥ አንዲት ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ነበረች። ነጭ ጋወን ለብሳ፣ ሻሽ አስራ፣ ማሽን ላይ ትሠራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ምሳ ትበላለች፤ ፎጣ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች፤ በመጨረሻም ነጭ አንሶላ በተነጠፈበት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች። ስሟን የነገረን የለም። ጋሽ በላቸው «ብርቄ» አላት። ፍላቂት ሲሆን ብርቄ የመቄት ልጅ ናት፤ ወገል ጤና ስንደርስ የደላንታ፤ ላልይበላ ስንገባ ደግሞ የላስታ።

«ጋሽ በላቸው፣ ይቺ ልጅ ስንት ቦታ ነው የምትወለደው?» አልኩት።

«ደግ ሰው የሁሉም አገር ልጅ ነው» ብሎኝ አረፈው።

ፊልሙን በቃሉ ስለሚያውቀው ጊዜዋን ጠብቆ «ብርቄ! ምነው ልጄ፣ እንግዳ መጥቶ ቆመሽ ታያለሽ? ነይ እንጂ ቀረብ በይ!» ሲል፣ ብርቄ እውነትም ወደ ሕዝቡ ትመጣለች። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፈቀቅ ብለው ቦታ ይለቁላታል። አንድ ቄስ በረቡዕ ቀን ምሳ ስትበላ አዩዋትና «ይቺ ልጅ ምንድን ነው የምትበላው?» ብለው ተቆጡ። «ድንች ነው አባቴ፣ ድንች! ሥጋ ያስመሰለው ፊልሙ ነው» አላቸው። እሳቸውም «እንግዲያ ትብላ» ብለው ፈቀዱላት።

ታዲያ ሕዝቡ ለብርቄ ስንቅ መላክ ጀመረ። ሰው አገር ያለች ልጅ፣ ማን አላት ብሎ። በሶ ነው፣ ቆሎ ነው፣ ተቋጥሮ ይሰጠናል። «ለብርቄ አድርሱልን፤ ከነ እገሌ ነው በሏት።» ጋሽ በላቸው አደራውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ደስ ይላታል» ይላል። ከጋሸና ወዲህ አንዲት ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለች፣ ከሥሯ ምንጭ የሚፈልቅባት። እዚያ ስንደርስ «አቁም» ይለኛል። በሶውን በጣሳ በጥብጦ ግጥም ያደርግና ጢሙን ጠርጎ «ብርቄ ጠገበች» ይላል።

«እኔስ?»

«አንተ ሾፌሯ አይደለህ? ቅመስ።»

እንዲህ እያልን ላልይበላ ደረስን። ከገበያው ሜዳ ላይ ፊልሙ ተጀምሮ አለቀ። የቀበሌው ካድሬ ተነሥቶ ስለ ወዛደሩ ኑሮ ተናገረ። መሄድ የሚፈልግ ይነሣ ሲባል አንዲት ልጅ እግር ብድግ አለች። አበሩ ናት። ወዲያው እናቷ ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላዋ ተነሡ። እትዬ ውዴ ባል የሞተባቸው፣ ሰፌድና ሌማት ሰፍተው ለእንግዳ እየሸጡ ያችኑ አንዲት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«ቆይማ» አሉ። «ያየሁት ሁሉ መልካም ነው። ዋሱ ማነው?»

«የምኑ ዋስ?» አለ ካድሬው።

«የፊልሙ። እኛ አገር በሬ ሲገዛም ዋስ ጥራ ይባላል። ነገ የሌላ ሰው በሬ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው ይቆማል። እኔ ደግሞ የምሰጣችሁ ልጅ ነው።»

«አብዮታዊው መንግሥት ነው ዋሱ!»

«መንግሥትን ደጁ ሄጄ ማን ብዬ ልጥራው የኔ ጌታ? ስም ያለው ሰው ስጡኝ።»

ሕዝቡ ሳቀ፣ ካድሬው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ያኔ ጋሽ በላቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣና «እኔ ነኝ ዋሱ» አለ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።»

እትዬ ውዴ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ተረትህ ያንተን ልጅ ይመልከት አንተ ሰውዬ! የኔ አንዲት ናት፣ አትጠፋም። በል በማን ስም?»

ጋሽ በላቸው ወደ ካድሬው ሰረቅ አድርጎ አየ። ዘመኑ በታቦት የሚማልበት ዘመን አልነበረም። ጉሮሮውን ጠረገና «ይህን አገር በስሙ በምትጠሩበት ቅዱስ» አለ። ካድሬው አልሰማም፤ ድንገት ጄኔሬተሩን ማየት አማረው። «ልጅሽ አሁን ባየሽው አልጋ ትተኛለች፤ እንዳየሽው ትበላለች፤ እንዳየሽው ትታጠባለች። አንዱ ቢጎድል እኔ ልያዝ።»

እትዬ ውዴ እጁን መቱት፣ ነገሩ አለቀ። በማግስቱ አበሩን ሲያሳፍሩ ሙሉ አቁማዳ በሶ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። «ይሄ የብርቄ ነው። ልጄን እንደ እህት ትያት በይልኝ።» ጋሽ በላቸው ከቤታቸው ውኃ እንኳ አልቀመሰም። ብሉ፣ ጠጡ ብለው ቢለምኑት «ዋስ ከባለጉዳይ እጅ አይበላም። የበላ እንደሆን ነገ አይጠየቅም፤ አባቴ ሲል የሰማሁት ነው» አለ።

መንገዱን ሁሉ ጋሽ በላቸው ያን አቁማዳ በዓይኑ ሲከተለው አየሁ። ከምንጯ ስንደርስ «አበሩ ልጄ፣ ያዝልሽ?» አላት። «የለም ጋሼ፣ ለብርቄ በእጄ ነው የምሰጣት» አለችና እቅፍ አደረገችው። እኔ መሪዬን ይዤ በሆዴ ሳቅሁ።

ሳቄ የቆየው እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው። አበሩ ከፋብሪካው የሴቶች መኝታ ቤት ስትወጣ ፀጉሯ ጥጥ በጥጥ ሆኗል። በሶዋን እንደታቀፈች መጥታ ፊታችን ቆመች። «ጋሼ፣ አልጋው የታለ? ያደርነው ጆንያ ላይ ነው። ብርቄን ብጠይቅም የሚያውቃት የለም።»

ኋላ ስናጣራ ለካ አልጋዎቹ ለፊልሙ ከሆስፒታል የተዋሱ ኖረዋል፤ ቀረጻው ሲያልቅ ተመልሰዋል። ልጅቷም ለፊልሙ ከአዲስ አበባ የመጣች እንጂ ክር ቀጥላ አታውቅም። እኛ ወንዶቹ የሴቶች መኝታ ቤት ገብተን አናውቅ፣ ፊልሙን እንደ ሕዝቡ አምነን ነበር የምናሳየው። ጋሽ በላቸው ማበጠሪያውን አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ማበጠሪያውን አወጣ፣ መልሶ ከተተ።

«ብርቄ የለችም ልጄ» አለ በመጨረሻ። «የፊልም ሰው ናት። አልጋውም የለም። እኔ ግን አለሁ።»

አበሩ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «አልጋው ይቅር» አለች። «ብርቄ የለችም ብላችሁ ግን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ። ሌሊት እንቅልፍ የሚወስዳት ብርቄ አለች ብላ ነው።» በሶውንም ለእሱ ሰጠችው። ያን ቀን አልበላውም፤ ተቀብሎ ይዞት ቆመ።

በነጋታው ጠዋት የግቢው ሰው ሁሉ ሥራ ሲገባ፣ ጋሽ በላቸው ሱፍ ኮቱን እንደለበሰ፣ የራሱን የሽቦ አልጋ በአናቱ ተሸክሞ በሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር አለፈ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉት በመስኮት። «አንዱ አልጋ ደርሷል ጌታዬ፤ የቀሩት መንገድ ላይ መሆን አለባቸው» አለና ሴቶቹ በር ላይ አራገፈው። ራሱ ጥጥ መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ላይ መተኛት ጀመረ። ፊልሙን ይዘህ ውጣ ሲባልም «አልጋ እስኪመጣ አንድም ሰው አላመጣም» አለ። የፋብሪካው ካድሬ «ይሄ አሻጥር ነው!» ብሎ ዛተበት። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ምን እንደምታመጣ የሚያውቅ ያውቃል። «ጋሽ በላቸው፣ ተው፣ ምን አገባህ? ፊልሙን አንተ አላነሣኸው!» አልኩት። «ሰይድ፣ አንተ ሾፌር ነህ፣ ወደ ኋላ ማርሽ አለህ» አለኝ። «ዋስ የለውም።»

ወራት አለፉ፣ አልጋ የለም። የፋብሪካው በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባ ትልልቅ ጓዶች መጡ። ፊልሙ ለእንግዶቹ ይታይ ተባለ። ድምፁ አሁንም አይሠራም፤ ስለዚህ ሳይወዱ በግድ ጋሽ በላቸውን ጠሩት። ፀጉሩን አበጠረ። እንደ ድሮው ጀመረ፣ ማሽኑን ሆነ፣ ሥራ አስኪያጁን ሆነ፤ እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ኮቱን እስከ አንገቱ ሲቆልፍ አይቼ ስለነበር አንድ ነገር እንዳሰበ ገብቶኛል። የአልጋው ክፍል ሲመጣ ቆም አለ።

«ጓዶች፣ እዚህ ላይ እርዳታችሁን እለምናለሁ። ይህን ክፍል የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ። እኔ ላስታ ወጥቼ፣ ለአንዲት እናት ዋስ ሆኜ፣ ልጅሽን እዚህ አስተኛታለሁ ብያለሁ። ግቢውን ሁሉ ብዞር አጣሁት። ብርቄ! አንቺስ የት ነው የተቀመጥሽው? ንገሪን እንጂ!»

ብርቄም እንደ ልማዷ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች፣ ፍንጭቷን አሳይታ ሳቀች። ከኋላ የቆሙት ልጆች አብረዋት ሳቁ። ከፊት የሳቀ የለም። ከእንግዶቹ በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ተነሥተው «መኝታ ቤቱን አሳዩኝ» አሉ። በባትሪ ሄደው አዩ፤ ጆንያውን፣ በመሀሉም ልጆቹ በተራ የሚተኙባትን አንዲት የሽቦ አልጋ።

አልጋዎቹ ብዙም ሳይቆዩ መጡ። ጋሽ በላቸው ግን ከዚያ በፊት ተወሰደ። ልጆቹ ምግብ ቋጥረው እስር ቤቱ በር ላይ ሲመላለሱ፣ አበሩ ዓይኗ እስኪያብጥ ስታለቅስ ሰነበተች፤ እኔም ሱብሒ ላይ ዱዓ አደረግሁለት። አንድ ቀን በእግሩ መጣ። ከሳ፣ ጢሙ አደገ፣ ኮቱ ግን ላዩ ላይ ነው። አቅፌው «ምን አደረጉህ?» ብለው «ማበጠሪያዬን ወሰዱብኝ፣ አላህ ይይላቸው በል» አለኝ። ሌላውን ሳይነግረኝ ሞተ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ጥጥ ማራገፍ ሆነ። ያን ኮት ለብሶ ጥጥ ያራግፋል። በየወሩ መጨረሻ፣ በሠላሳው ቀን፣ ልክ እንደ አማት፣ ሴቶቹ በር ላይ ቆሞ «አበሩ፣ አልጋሽ አለ? ምሳ በላሽ? ውኃው ይወርዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅቷ አግብታ ወልዳም፣ የራሷን ቤት ይዛም ጠየቃት። ባሏ ሲቀልድ «እኔ ያገባሁት ከነዋሷ ነው» ይል ነበር።

ለገና የላስታን ልጆች ጭኜ ስወጣ ጋሽ በላቸው አይቀርም። እትዬ ውዴ ምግብ ያቀርባሉ፤ እሱ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ዋስ ነኝ» ብሎ አሻፈረኝ ይላል። «ብርቄስ እንዴት ናት?» ይሉታል። «ሰላም ብላለች። ፈረቃ ሆኖባት ነው።» እሳቸውም በሶውን ያመጣሉ። «እንግዲያ ለሷ አድርስልኝ።» ተቀብለን እንወርዳለን። ምንጯ ጋ «አቁም» ይላል። ይበጠብጣል፣ ይጠጣል፣ ጢሙን ይጠርጋል፣ «ብርቄ ጠገበች።» ዋስ አይበላም ስትል አልነበረም እንዴ ስለው ይቆጣል። «ይሄ የኔ ነው እንዴ? የብርቄ ነው!»

እንግዲህ ይህን መልእክት ይዤ ላልይበላ ወጣሁ። እትዬ ውዴ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን አሁንም ሰፌድ ይሰፋል። ብቻዬን መምጣቴን ሲያዩ ስፌቱ ከእጃቸው ወደቀ። «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አለቀስን።

ለቅሶው ጋብ ሲል መልእክቱን ነገርኳቸው። በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ከዋስነት የሚወረደው ተቁሞ ነው» አሉና ጎረቤቶቻቸውን ምስክር ቆጠሩ። «በላቸው! ልጄ በልታለች፣ ተኝታለች፣ ወልዳ ስማለች። ቃልህ ሞልቷል። አውርጄሃለሁ፤ ነፍስህ ትረፍ።» ሁሉም «አሜን» አለ፣ እኔም አልኩ።

ተቀምጠው ዓይናቸውን ከጠረጉ በኋላ ወደ ጓዳ ገብተው አቁማዳ ይዘው ወጡ። ልማዴ ሆኖ «ለብርቄ ነው?» አልኩ።

«የምን ብርቄ?» አሉኝ። «አንተ ደግሞ እስካሁን ሞኝ ታደርገኛለህ? በሶውን የምልከው ለብርቄ፣ ዓመት በዓመት የሚወፍረው በላቸው! ይሄ ለማን ይጠፋዋል?»

«ታዲያ ካወቁ ለምን ብርቄ፣ ብርቄ ይሉ ነበር?»

«ምን ላድርግ? ዋስ ነኝ ብሎ ከእጄ አይበላ። ለልጄ ብሎ የታሰረ ሰው፣ ውኃ እንኳ ሳላቀምሰው ከደጄ ሲመለስ አንጀቴ ይችላል? በብርቄ ስም ካልሆነ አይቀበለኝም።» አቁማዳውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «አሁን ወርዷል። ይሄ የራሱ ነው።»

ብቻዬን ወረድኩ። ምንጯ ጋ ስደርስ አቁም ያለኝ የለም፣ እኔው አቆምኩ። በሶውን በጣሳ በጠበጥሁ፣ ትንሽ መሬት ላይ አፈሰስሁለት፣ የቀረውን እያለቀስሁ ጠጣሁት። ጢሜንም ጠረግሁና፣ ማንም በሌለበት፣ ጮክ ብዬ «ጋሽ በላቸው ጠገበ» አልኩ።